የአሰቦት እሳት

በ2004 ዓ.ም. በጋ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ሚኤሶ ወረዳ የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም ደን ሲቃጠል፣ ያኔ ግቢ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከሚኤሶ፣ ከአሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰው ተጠራርቶ ወጣ። ገደላማ ተራራ ላይ የእሳት አደጋ መኪና እሳቱ ዘንድ አይደርስም። ቢደርስስ? የ10,000 ሊትር ቦቴ፣ በደቂቃ 500 ሊትር በሚረጭ ቱቦ በ20 ደቂቃ ያልቃል። በጄሪካን ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ ለሚያጠፋው ሰው ጉሮሮ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ መሣሪያው ቅጠል፣ አፈርና ገጀራ ነው። ነበልባሉን በቅጠል መምታት ብቻውን አያዋጣም፤ ነፋሱ ወደሚነዳው አቅጣጫ ቀድሞ ሣርና ቁጥቋጦውን መንጥሮ እሳቱን የሚበላው ማሳጣት ያስፈልጋል። ጠፋ ብሎ ወዲያው መውረድም የለም። የጥድና የወይራ ጉቶ ፍሙን ሥሩ ውስጥ ይዞ ያድራል። እኔ ብጠየቅ፣ ከመኪናው በፊት ጉቶ የሚጠብቅ የሌሊት ተረኛ ይመደብ እላለሁ። አሰቦት ላይም እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ነው ያገረሸው።