የሕዝብ ተሳትፎ በአንጀት ካንሰር የልየታ ምርመራ፤ የኔዘርላንድስ፣ የእንግሊዝና የካሊፎርኒያ ተሞክሮ

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች በሦስተኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ለሞት በመዳረግ ረገድ ደግሞ ከሳምባ ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ሥፍራ ይዟል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ በ2022 ከ1 ነጥብ 9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በበሽታው የተያዙ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 900 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በሽታውን ከሌሎች የካንሰር ዓይነቶች የሚለየው ዝግ ብሎ የሚያድግ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ተብሎ ከሚጠራ በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ትንሽ እባጭ ሲሆን፣ እባጩ ወደ ካንሰርነት እስኪለወጥ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ፖሊፑ በወቅቱ ከተገኘ በምርመራው ላይ እንዳለ ተቆርጦ ይወጣል፤ ካንሰሩም አይከሰትም። ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት ከአሥር ሕሙማን ዘጠኝ ያህሉ ከአምስት ዓመት በላይ በሕይወት ይቆያሉ። ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ግን ይህን ዕድል የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

የልየታ ምርመራ የሚባለው ምንም ዓይነት የሕመም ምልክት የማይታይባቸውን ሰዎች በዕድሜያቸው መሠረት እየጠሩ መመርመር ነው። ለአንጀት ካንሰር በስፋት የሚሠራባቸው ዘዴዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም መኖሩን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ ሲሆን፣ ተመርማሪው ናሙናውን በቤቱ ወስዶ በፖስታ ይልካል። ሁለተኛው ኮሎኖስኮፒ ነው፤ ካሜራ የተገጠመለት ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ በኩል በማስገባት ሐኪሙ ትልቁን አንጀት በሙሉ ያያል። በሰገራው ደም የተገኘበት ሰውም ወደዚሁ ምርመራ ይላካል።

ዘዴው የቱንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን የተጠራው ሰው ካልመጣ ውጤት አይኖረውም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በፖላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2022 ይፋ የሆነው ጥናት ነው። ከ28 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ለኮሎኖስኮፒ ተጋብዘው የተገኙት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ በበሽታው የመያዝ ዕድል ካልተጋበዙት 1 ነጥብ 2 በመቶ፣ ከተጋበዙት ደግሞ 0 ነጥብ 98 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቅናሹ 18 በመቶ ያህል ነው። የተጋበዙት ሁሉ ቢመረመሩ ኖሮ ቅናሹ ወደ 31 በመቶ ይደርስ እንደነበር አጥኚዎቹ አስልተዋል። ውጤቱ ይፋ በሆነበት ወቅት ኮሎኖስኮፒ እንደታሰበው አይጠቅምም የሚል ወሬ በስፋት ተናፍሶ ነበር። በእርግጥ በሞት ረገድ የታየው ልዩነት እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጎልቶ አልወጣም ነበር። ይሁንና ከተጋበዙት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምርመራውን እንዳላደረጉ በወሬው ውስጥ እምብዛም አልተነሣም።

በስፔን ሁለቱን ዘዴዎች ጎን ለጎን ያነጻጸረውና የመጨረሻ ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2025 የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ያመለክታል። የሰገራ ምርመራ ከቀረበላቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ፣ ኮሎኖስኮፒ ከቀረበላቸው ደግሞ 32 በመቶ ያህሉ ተሳትፈዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል በበሽታው በሞቱት ሰዎች ብዛት የጎላ ልዩነት አልታየም። ሰው የሚቀበለው ቀላል ምርመራ፣ ሰው ከሚሸሸው የረቀቀ ምርመራ ጋር እኩል ውጤት አስገኝቷል ማለት ነው።

በተሳትፎ ረገድ ብዙ ትምህርት የሚገኝበት የኔዘርላንድስ መርሃ ግብር ነው። አገሪቱ ሥራውን እ.ኤ.አ በ2014 የጀመረች ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 75 ዓመት የሆኑ ነዋሪዎች በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመሩ ተወስኗል። አሠራሩ ውስብስብነት የለውም። በቅድሚያ የማሳወቂያ ደብዳቤ ለነዋሪው ይደርሰዋል፤ ከዚያም የግብዣው ደብዳቤ ከናሙና መውሰጃው ትንሽ ብልቃጥና ከመመለሻው ፖስታ ጋር ይላክለታል። ነዋሪው ክፍያ አይጠየቅም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም ሆነ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልገውም። መርሃ ግብሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየትውልድ ዘመኑ ደረጃ በደረጃ እየተስፋፋ እ.ኤ.አ በ2019 ሁሉንም የዕድሜ ክልል አዳርሷል።

በዕቅዱ የተያዘው ግምት ከተጋበዙት 60 በመቶው ይሳተፋሉ፣ ከተሳተፉትም 6 ነጥብ 4 በመቶው ደም ተገኝቶባቸው ወደ ኮሎኖስኮፒ ይላካሉ የሚል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከተጋበዙት 742 ሺህ ያህል ሰዎች ግን 71 ነጥብ 3 በመቶው ናሙናቸውን ላኩ። ደም የተገኘባቸውም በመጀመሪያዎቹ ወራት 10 ነጥብ 6 በመቶ ደረሱ። ይህ በቁጥር ሲሰላ ምን ማለት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። በዕቅዱ መሠረት ከ1 ሺህ ተጋባዦች 38 ሰዎች ኮሎኖስኮፒ ይፈልጋሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ በተግባር የታየው ወደ 76 የሚጠጋ ነበር። የሐኪሞቹ፣ የነርሶቹና የመሣሪያዎቹ ቁጥር ግን የተመደበው ለ38ቱ ነው።

ይህ ለማንኛውም የሥራ ኃላፊ አስጨናቂ ሁኔታ ነው። ደም ተገኝቶብሃል የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ለወራት ወረፋ እንዲጠብቅ ከተደረገ፣ ጭንቀቱ ብቻ ሳይሆን መርሃ ግብሩ ያገኘው የሕዝብ አመኔታም አደጋ ላይ ይወድቃል። ግብዣውን ማቆም ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁትን መበደል ይሆናል። ኔዘርላንድስ የመረጠችው ሦስተኛ መንገድ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ መለኪያውን መቀየር ነበር። አንድ ሰው ደም ተገኘበት የሚባልበት መጠን በአንድ ግራም ሰገራ ከ15 ማይክሮ ግራም ሄሞግሎቢን ወደ 47 ከፍ እንዲል ተደረገ። ደም የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ ወዲያውኑ ወደ 6 ነጥብ 7 በመቶ ወረደ፤ ወደ ኮሎኖስኮፒ ከሚላኩት መካከልም በእርግጥ ካንሰር ወይም አሳሳቢ ፖሊፕ የሚገኝባቸው ከ42 በመቶ ወደ 49 በመቶ ከፍ አሉ።

ውሳኔው ዋጋ የጠየቀ መሆኑ መካድ የለበትም። መለኪያው ከፍ ሲል በዚያ ዙር ሳይታወቁ የሚያልፉ እባጮች ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም እስከሚቀጥለው ዙር ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ። ቢሆንም እርምጃው ሊወሰድ የቻለው መረጃው በየጊዜው እየተሰበሰበ ስለተተነተነ ነው። የዓመቱ ሪፖርት እስኪጠናቀር ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ወረፋው ከቁጥጥር ውጭ በወጣ ነበር። በአገሪቱ የበሽታው አዳዲስ ሕሙማን ቁጥር በመርሃ ግብሩ የመጀመሪያ ዓመታት፣ እንደተጠበቀው፣ ከፍ ካለ በኋላ ከዚያ ወዲህ መቀነሱ ተመዝግቧል።

በእንግሊዝ የታየው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነበር። አገሪቱ መርሃ ግብሯን የጀመረችው እ.ኤ.አ በ2006 ሲሆን፣ በጊዜው ሥራ ላይ የዋለው የቀድሞው ዓይነት የሰገራ ምርመራ ተመርማሪው ከሦስት የተለያዩ ቀናት ሰገራ ሁለት ሁለት ናሙና እየወሰደ ካርድ ላይ እንዲቀባ ያስገድደው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ገደማ ከተላኩት 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ጥሪዎች ምላሽ ያገኙት 54 በመቶ ያህሉ ናቸው። በአማካዩ ውስጥ የተደበቀው ልዩነት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር፤ በኑሮ ደረጃቸው የተሻሉ አካባቢዎች ነዋሪዎች 61 በመቶ ሲሳተፉ፣ እጅግ ድሃ የሆኑት አካባቢዎች ድርሻ 35 በመቶ ብቻ ነበር። ምርመራው ለሁሉም በነፃ የቀረበ፣ ደብዳቤውም ለሁሉም የተላከ መሆኑ ሲታሰብ፣ እኩል ጥሪ በራሱ እኩል ተጠቃሚነትን እንደማያስገኝ ያሳያል።

እንቅፋቶቹ በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ሰገራን መንካት ያስጸይፋል፤ ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው ምርመራው የሚመለከተው አይመስለውም፤ ውጤቱን መስማት የሚፈራም አለ። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቋንቋ በቅጡ የማያነብ ስደተኛም ፖስታውን ሳይከፍት ሊያስቀምጠው ይችላል። ወንዶች ለበሽታው ከሴቶች ይልቅ የተጋለጡ ሆነው ሳለ በሰገራ ምርመራ የሚሳተፉት ግን ከሴቶች ያነሱ ናቸው።

እንግሊዝ ተሳትፎውን ከፍ ለማድረግ ከሞከረቻቸው መንገዶች መካከል በደብዳቤው ላይ የቤተሰብ ሐኪሙን ድጋፍ መጥቀስ ይገኝበታል፤ ያስገኘው ጭማሪ ግን ከአንድ በመቶ ያነሰ ነበር። የጎላ ለውጥ ያመጣው ምርመራውን ራሱን ማቅለል ነው። እ.ኤ.አ በ2014 አንድ ናሙና ብቻ የሚጠይቀው አዲሱ ምርመራ በሙከራ ሲቀርብ ተሳትፎው ከ59 ነጥብ 3 በመቶ ወደ 66 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ አለ። ከዚህ ቀደም ተጠርተው መልስ ባልሰጡት ዘንድ ደግሞ ከ12 ነጥብ 5 ወደ 23 ነጥብ 9 በመቶ፣ ማለትም ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዕድገት ታየ። ያም ሆኖ አዲሱ ምርመራ በመላ እንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በ2019 ነው፤ ስኮትላንድ በ2017 ቀድማለች።

በአሜሪካ አገር አቀፍ ጥሪ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ባለመኖሩ ምርመራው በአብዛኛው ሰውየው በሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚታዘዝ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚሠራው ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለ የጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት የሰገራ መመርመሪያውን ለአባላቱ በየዓመቱ ወደ ቤታቸው መላክ ጀመረ፤ ኮሎኖስኮፒ የሚመርጡትንም ያስተናግዳል። ምርመራቸውን በወቅቱ ያደረጉ አባላት ድርሻ በ2000 ከነበረበት 39 በመቶ በ2015 ወደ 83 በመቶ ገደማ ሲያድግ፣ በበሽታው የሚሞቱት በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። በጥቁር አባላት ዘንድ የታየው ለውጥ በተለይ የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከ100 ሺህ ጥቁር አባላት 54፣ ከነጮች ደግሞ 33 ሰዎች በየዓመቱ ይሞቱ ነበር፤ በ2019 አኃዙ 21 እና 20 ደርሶ ልዩነቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ድርጅቱ በሚያገለግላቸው በኦክላንድና በሳን ሆዜ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ጥናቱ ግን ጥቁሮችን በአንድነት የሚቆጥር በመሆኑ የእነርሱን ሁኔታ ለይቶ አያሳይም። በአሜሪካ ምርመራው እንዲጀመር የሚመከርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ በ2021 ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ ማለቱም ለእነዚህ ወገኖች ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ተሳትፎን በተመለከተ እ.ኤ.አ በ2010 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ቢያንስ 45 በመቶ ተቀባይነት ያለው፣ 65 በመቶ ደግሞ የሚፈለገው ደረጃ መሆኑን ያስቀምጣል። መቶ በመቶ የሚል ግብ የለም። ኮሎኖስኮፒ አልፎ አልፎ መድማትን፣ ከዚያም ባነሰ ሁኔታ የአንጀት መበሳትን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ተጋባዡ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አውቆ እምቢ የማለት መብቱ እንዲጠበቅ ይፈለጋል። በደብዳቤው የቀረበለትን ተረድቶ የተወና ደብዳቤው ያልገባው ሰው በሪፖርት ላይ በአንድ ዓምድ መመዝገባቸው ግን እስካሁን የሚታይ ጉድለት ነው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ በ2021 የምርመራውን ዕድሜ ከ60 ወደ 50 ዓመት ዝቅ ለማድረግ ስትነሣ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመጀመሪያ 56፣ ቀጥሎም 58 ዓመት የሞላቸውን እያለች ሥራውን እ.ኤ.አ እስከ 2025 ድረስ በየደረጃው አከናውናለች። ምክንያቱ የኮሎኖስኮፒ ባለሙያዎች ቁጥር ሲሆን፣ የዕድሜው ገደብ ዝቅ የተደረገው የምርመራ አቅሙ በፈቀደው መጠን ነው።