ቦታ ማደል፤ ከሠራዊት ሰልፍ እስከ ኳስ ሜዳ

በአንድ ሰልፍ ውስጥ ማን የት ይቁም? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? የሰውነቱ አቋም ነው፣ ችሎታው ነው፣ ወይስ ማዕረጉ? ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የአገራችንን ታሪክ ስንመረምር ከጨዋታ በፊት በጦርና በግዛት ሥራ ውስጥ ሲነሣ የኖረ ሆኖ እናገኘዋለን።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ልጅነቱን ያሳለፈው በአቃቂ ነው። አቃቂ በምድር ባቡሩ መሥመር ላይ የምትገኝ፣ በ1950ዎቹም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲቋቋምባት ከገጠርነት ወደ ፋብሪካ ሠፈርነት የተለወጠች ቦታ ናት። ከሐዲዱ አጠገብ ባለው ሜዳ ስንጫወት ሁለት ትልልቅ ልጆች ተራ በተራ እየመረጡ ይከፋፈሉን ነበር። ረጅሙ ከኋላ ይቆማል፤ ፈጣኑ ወደ ዳር ይላካል፤ በግራ እግሩ የሚመታ ከተገኘ ያለ ክርክር ግራው የእርሱ ነው። ሩጫ የማይሆንለት በረኛ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ብዙ ዘመን በረኛ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ እርሱም የኳሱ ባለቤት ነው። እርሱ የወደደው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ባይፈቀድለት ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳልና። ከፍ ካልን በኋላ ደግሞ በአንድ የሠራተኞች ቡድን ውስጥ ካቦው ሁልጊዜ የመኻል አጥቂ ሆኖ ሲሰለፍ አይተናል። ግብ ሲያገባ ግን ያየነው እምብዛም ነው።

እንግዲህ ቦታን በችሎታ ማደልና ቦታን በባለቤትነት መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ልዩነት በጦር ማዕረጎቻችን ስም ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል።

እንደሚታወቀው የማዕረጎቻችን ስም አስቀድሞ የቦታ ስም ነበር። ፊታውራሪ ከፊት እየመራ የሚሄደው ነው፤ ቀኝ አዝማች የቀኙን፣ ግራ አዝማች የግራውን ክንፍ ያዛል፤ ደጃዝማች የንጉሡ ድንኳን ደጅ አዝማች ነው፤ ደጀኑም ከኋላ ይጠብቃል። ሠራዊቱ ሲሰፍር ድንኳኑን የሚተክለው በዚሁ ሥርዐት ስለ ሆነ ሰልፉና ሠፈሩ አንድ መልክ ነበራቸው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን ሠፈር ሲገልጽ የቀኝና የግራ ቢትወደዶች እንዳሉና እያንዳንዱም የታወቀ ወገን እንዳለው ጽፏል። እንዲህ ያለው ሥርዐት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሺሕ ሰው በምሽት ሲደርስ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ቦታውን ያገኛል።

ጉዳቱ የታየው ማዕረጉ ከቦታው ሲለያይ ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ሲወድቁ ስማቸው እንደሚለው ከፊት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ግን ቀኝ አዝማች የተባለ ሰው አንድ ቀን እንኳ የቀኝ ክንፍ ሳያዝ በዳኝነት ወይም በግዛት ሥራ ላይ ሊገኝ ይችል ነበር። ማዕረጉ ክብር ሆነ፤ ቦታው ተረሳ። የዚህም ተቃራኒ አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው በፊታውራሪነታቸው ሲጠሩ ኖሩ፤ ተሰሚነታቸው ግን ከብዙ ራሶች የበለጠ ነበር። እዚህ ላይ ሰውየው ከማዕረጉ በልጦ ተገኘ።

ወደ ኳሱ እንመለስ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በጠላት ወረራ ዘመንም «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» በሚል ስም እንዲጫወት ተገደደ። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የገቡት አምስት ቡድኖች ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ ለጣልያኖች፣ አራራት ለአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ ለግሪኮች፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን። አሸናፊውም ይኸው የእንግሊዞቹ ቡድን ሆነ። ልብ እንበል፤ በዚያን ጊዜ አንድ ተጫዋች በየትኛው ቡድን እንደሚሰለፍ የሚወስነው በመጀመሪያ ደረጃ ትውልዱ ነበር።

በሌላው ዓለም በዚያን ዘመን የተጫዋቾች ቦታ የሚከፋፈልበት መንገድ እየተለወጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ በተሻሻለ ጊዜ አጥቂው ከፊቱ ሊኖሩ የሚገባቸው ተከላካዮች ከሦስት ወደ ሁለት ወረዱ። ግብ በዛ፤ ስለዚህም በአርሰናል የኸርበርት ቻፕማን ቡድን የመኻሉን ሰው ከኋላ አስቀርቶ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ተከላካይ የሚጠብቀው አንድ የታወቀ አጥቂ ሆነለት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1953 ሀንጋሪዎች በዌምብሌ እንግሊዝን 6 ለ 3 ሲያሸንፉ የመኻል አጥቂያቸው ሂደኩቲ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የእንግሊዙ ተከላካይ ልከተለው ወይስ ቦታዬን ልጠብቅ እያለ ሲያመነታ ሦስት ግብ ያገባው ራሱ ሂደኩቲ ነው። ቦታን እንደ ርስት መያዝ የሚያስከትለውን ችግር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስም ለዚህ ጉዳይ ልዩ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ጨዋታ ከአጥቂው ወገን አምስት ግዙፋን በአንድ መሥመር ይቆማሉ፤ መኻል ላይ ኳሱን የሚያስጀምረው ሴንተር፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከዳር ሁለት ታክሎች። ሥራቸው ኳስ መያዝ ሳይሆን ኳርተርባክ የሚባለውን አቀባይ ከጠላት መከለል ነው። ላልለመደ ተመልካች አምስቱም አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን አቀባዩ ቀኝ እጀኛ ሲሆን ሊወረውር ሲዘጋጅ ግራው ከጀርባው ይሆንበታል፤ ከዚያ የሚመጣበትን አያይም። ሎረንስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1981 በኒው ዮርክ ጃያንትስ መጫወት ከጀመረ ወዲህ አቀባዮች ከዚያ ወገን ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1993 ተጫዋቾች ውል ሲጨርሱ ወደ ፈለጉት ቡድን መሄድ ሲፈቀድላቸውም የግራው ታክል ዋጋ እጅግ ናረ። ስለዚህ አሠልጣኞች ከኮሌጅ የመጣውን ወጣት ክንዱን ሳይቀር ይለኩታል። ክንዱ አጭር የሆነው ታክል ሆኖ ቢያድግም ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ገብቶ ጋርድ እንዲሆን ይደረጋል። በዳር ያለው ፈጣን አጥቂ ሳይደርስበት ለመግፋት ረጅም ክንድ ያስፈልጋልና። ይህ ለተጫዋቹ የገንዘብም የስምም ጉዳይ ስለ ሆነ ክርክር ሳያስነሣ አያልፍም።

በአገራችን ቦታ የማደሉ ጉዳይ የተፈተነው በአፍሪካ ዋንጫ ነው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ደቡብ አፍሪካ ስለ ተወገደች ቡድናችን ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በግብጽም 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ግብ ያገባው አንድ ሰው፣ አድ-ዲባ ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ እንደገና 4 ለ 0 ሆነ፤ በሱዳንም 1 ለ 0 ተረታን። በሁለት ውድድር አንድም ግብ አላገባንም ማለት ነው።

በጥር 1954 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዘመን በአጥቂነት የተጫወቱ ስለ ነበሩ የአጥቂን ሥራ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእግራቸው ያውቁታል። በፊታቸው የነበረው ችግር ግን ቀላል አልነበረም። መንግሥቱ ወርቁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ ከድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር፣ ሌሎችም ከሌላ ከሌላ ቦታ የመጡ ሲሆኑ እያንዳንዱ በየቡድኑ ዋና ሰው ነው። በየቤቱ ዋና የሆነውን ሁሉ በአንድ ሜዳ ዋና ማድረግ ደግሞ አይቻልም፤ አንዱ ለሌላው መሥራት አለበት። በዚያን ዘመን የተሳሳተ አሠላለፍን በተቀያሪ ማረምም እንደ ዛሬው አልነበረም፤ በዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን ከተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ጋር በተደረገው ፍጻሜ በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ አስቀደመ። በ74ኛው አቻ ሆንን፤ በማግሥቱ ደቂቃ ያው ባደዊ ደገመ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 ያደረገው ከሙያው አማካይ የሆነው ሉቻኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱም በ117ኛው ደቂቃ አግብተው 4 ለ 2 ተፈጸመ። መንግሥቱ ሦስት ግብ በማግባት ከባደዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ።

ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ነው። አባቱ ጣልያናዊ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ፣ በአሥመራ የተወለደ፣ ማዕረግ የሌለው ሰው ነበር። ወረራው ካበቃ ገና ሃያ አንድ ዓመት አልሞላም። የኢትዮጵያን ቡድን ተጫዋቾች እየመራ የወጣው በትውልዱ ቢሆን ኖሮ በ1936ቱ ሻምፒዮና ወደ ፎርቲቱዶ ሊመደብ ይችል የነበረ ሰው ነው።