ከኮሌጅ ምረቃ በኋላ ሥራ እስኪገኝ፦ የጤና መድን በኮለምበስ፣ ኦሃዮ

በኮለምበስ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ዲፕሎማውን በተቀበለ በጥቂት ወራት ውስጥ የተማሪነት የጤና መድኑ ያበቃል። ሥራ ካላገኘ ደግሞ በአሠሪ በኩል የሚገኝ መድን የለውም። በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነቱ የቤተሰብ በመሆኑ፣ ዓመታዊው መዋጮ ሲከፈል ልጆችም አብረው ይታቀፋሉ። በዩናይትድ ስቴትስ ግን መልሱ በእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ፣ ገቢ፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታና በግብር ቅጽ ላይ በተመዘገበበት መንገድ ይለያያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መጠየቅ ያለበት የወላጅ መድን ነው። በ2010 የወጣው የፌዴራል የጤና ሕግ፣ የወላጅ መድን ልጆችን የሚያቅፍ ከሆነ ልጁ 26 ዓመት እስኪሞላው እንዲቆይበት ይፈቅዳል። ልጁ ማግባቱ፣ ከወላጆቹ ተለይቶ መኖሩ ወይም ራሱን መቻሉ መብቱን አያስቀርም። የኦሃዮ ሕግ በተወሰኑ መድኖች ላይ ዕድሜውን እስከ 28 ያራዝመዋል፤ ይህ ግን ላላገባ፣ በአሠሪው በኩል መድን ለማያገኝና ለሜዲኬይድ ብቁ ላልሆነ ሰው ብቻ ሲሆን ተጨማሪ ክፍያም ሊኖረው ይችላል። ወላጆቹ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖሩ ተመራቂ ሌላ ነገር ማጣራት ይኖርበታል፤ ብዙ መድኖች ከድንገተኛ ሕክምና በስተቀር የሚሸፍኑት በአካባቢያቸው ውል ያላቸውን ሐኪሞች ነውና፣ ካርዱ በእጅ እያለ በኮለምበስ ሐኪም ሊታጣ ይችላል።

ወላጆቹ መድን የሌላቸው ሥራ ፈላጊ ተስፋው በአብዛኛው ሜዲኬይድ ነው። ኦሃዮ በገዥው ጆን ኬሲክ ዘመን ፕሮግራሙን አስፋፍታ ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ ልጅ የሌላቸውን ጎልማሶችም ታቅፋለች። የገቢው ጣሪያ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 138 በመቶ ነው፤ በ2025 ስሌት ለአንድ ሰው በዓመት 21,597፣ በወር 1,800 ዶላር ገደማ ይሆናል። መጠኑ በየዓመቱ ይሻሻላል። ወርኃዊ የመድን ክፍያ የለውም፤ ምዝገባውም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ብዙዎች ያልጠበቁት እንቅፋት የሚያጋጥማቸው እዚህ ላይ ነው። ሜዲኬይድ የሚመለከተው የአሁኑን ወርኃዊ ገቢ በመሆኑ፣ በክረምት ሠርቶ አሁን ሥራ ያጣ ሰው የቀድሞ ደመወዙ አይጎዳውም። ነገር ግን ወላጆቹ በግብር ቅጻቸው ጥገኛ አድርገው ካስመዘገቡት፣ በአብዛኛው የእነርሱ ገቢም አብሮ ይቆጠራል። ከ24 ዓመት በታች የሆነና በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አምስት ወር የሙሉ ጊዜ ተማሪ የነበረ ልጅ ለዚያ ዓመት ጥገኛ ሆኖ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ በሜይ የተመረቀውም ከዚህ አያመልጥም። ወላጆች በግብር የሚያተርፉት ገንዘብ ልጃቸው ከሚያጣው መድን ጋር ቢነጻጸር ላያዋጣ ይችላልና፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢመክርበት ይሻላል።

በዲቪ ለመጣ ተመራቂ ሁኔታው ይከብዳል። ግሪን ካርድ ካገኙ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አብዛኞቹ ጎልማሶች ሜዲኬይድ አያገኙም። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሰው ገቢው ከድህነት መስመር በታች ቢሆንም በመድን ገበያው የመንግሥት ድጎማ ያገኝ ነበር፤ በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ይህን ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶታል። ስለዚህ ለብቻው የሚኖር ሰው የ2026ን ድጎማ ለማግኘት የዓመት ገቢው ቢያንስ 15,650 ዶላር መድረስ አለበት፤ ምንም ገቢ የሌለው ከሁለቱም ይቀራል ማለት ነው። ለእርሱ የትርፍ ሰዓት ሥራ ከደመወዙ በላይ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ይኸው ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከሜዲኬይድ ያስወጣል። ከ2027 መጀመሪያ ደግሞ ብዙ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በበጎ ፈቃድ ማገልገላቸውን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ገቢው ከሜዲኬይድ ጣሪያ ያለፈ ሰው ሄልዝኬር ዶት ገቭ በተባለው የፌዴራል ገበያ መድን ይገዛል። መደበኛው ምዝገባ ኖቬምበር 1 ይጀምራል፤ የተማሪነት መድኑ ያበቃ ወይም 26 ዓመት ሞልቶት ከወላጁ መድን የወጣ ግን 60 ቀን ይሰጠዋል። ቀኑ ካለፈ እስከሚቀጥለው ወቅት መጠበቅ ነው። ከ30 ዓመት በታች ላሉ የሚሸጠው ርካሽ መድን ዋጋው ያማልላል፤ ሆኖም ድጎማ የለውም፣ ለአብዛኛው ሕክምናም መክፈል የሚጀምረው ታካሚው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ከኪሱ ካወጣ በኋላ ነው። የአጭር ጊዜ መድን የሚባለውም ቀድሞ የነበረን ሕመም ላለመሸፈን ይችላል።

መድን እስኪገኝ ድረስ በኮለምበስ በርካታ ጣቢያዎች ያሉት ፕራይመሪዋን ሄልዝ ክፍያውን በገቢ ልክ ይቀንሳል። ገቢያቸው ከድህነት መስመር የማይበልጥና ሜዲኬይድ የሌላቸው የኦሃዮ ነዋሪዎች፣ በክፍለ ግዛቱ የሆስፒታል ዕርዳታ ፕሮግራም መሠረት አስፈላጊ የሆነ የሆስፒታል ሕክምና በነፃ የማግኘት መብት አላቸው፤ ማመልከቻው ሂሳቡ ከመጣ በኋላም ሊቀርብ ይችላል።

የሜዲኬይድ ማመልከቻ በኦሃዮ ቤኔፊትስ ድረ ገጽ፣ በስልክ ቁጥር 844-640-6446 ወይም በፍራንክሊን ካውንቲ የሥራና የቤተሰብ አገልግሎት ቢሮ ይቀርባል። የፌዴራሉ ገበያ ስልክ 800-318-2596 ነው። በሁለቱም ዘንድ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይቻላል።