የኦፓናው ራዳር

ራዳር የራዲዮ ሞገድ ይልክና ከአይሮፕላን ላይ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱን እንደሚለካ በትምህርታችን አውቀናል። ብዙ አይሮፕላኖች ተጠጋግተው ሲበሩ ግን ነጸብራቃቸው ተደባልቆ እንደ አንድ ትልቅ ምልክት ስለሚታይ ቍጥራቸውን መለየት ያስቸግራል።

ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ጧት በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ በሃዋይ፣ በኦፓና ራዳር ጣቢያ የነበሩ ሁለት አሜሪካውያን ወታደሮች እንዲህ ያለውን ምልክት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዩና በስልክ አስታወቁ። ስልኩን የተቀበለው መኰንን ግን ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁት የወገን ቦምብ ጣዮች መስለውት «አታስቡ» አላቸው። የሚመጡት 183 የጃፓን አይሮፕላኖች ነበሩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፐርል ሃርበር ተደበደበ፤ በዚያም ቀን ከ2,400 የሚበልጡ አሜሪካውያን ሞቱ።

መሣሪያው በትክክል ለክቶ ነበር፤ ትርጓሜው ግን የሰው ድርሻ ነበር። እኛም የለካነውን ሁሉ «ምን ይሆን?» ብለን እንድንመረምር ይህ ታሪክ ያስተምረናል።