ስሙ ከሰሜን፣ ቆዳው ፍራንክፈርት

ለመካነ ብርሃን ሰው ስለ ዋልያ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ገደሉንም ጭላዳውንም እረኛው ያውቀዋል። ግን እነዚህ እንስሳት በዓለም የሳይንስ መዝገብ እንዴት ሰፈሩ? ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ነገሩ የዘመነ መሳፍንት ታሪክ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1794 ፍራንክፈርት የተወለደ ጀርመናዊ ነው። በዚያች ከተማ በ1817 የተቋቋመው የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ሙዚየም ነበረውና፣ ለእሱ እንስሳትና እፅዋት ሊሰበስብ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሀገራችን ገባ። ያን ጊዜ ሰሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ ጎንደር ላይ የተቀመጠው ንጉሥ የቀረው ስም ብቻ ነው። ሩፔል የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር ሰነበተ፤ ቆዳውንና አጥንቱን አሽጎ ወደ ሀገሩ ተመለሰ።

ከዚያስ? በ1835 ዋልያን «ካፕራ ዋሊዬ» አለው፤ ፍየል ዋልያ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጭላዳ በፈረንጅ አፍ «ገላዳ» ሆኖ ተመዘገበ። በ1840 ደግሞ ቀይ ቀበሮ «ካኒስ ሲሜንሲስ»፣ የሰሜኑ ውሻ፣ ተባለ። ዛሬ አብዛኛው ቀይ ቀበሮ የሚገኘው ባሌ ነው፤ ስሙ ግን እስካሁን ሰሜን ሰሜን ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በሳይንስ ሕግ ስም የሚጸናው በምስክር ነው፤ መጀመሪያ የተገለጸው እንስሳ ቆዳው ወይም አጥንቱ በሙዚየም ይቀመጣል፣ ክርክር ሲነሳ ወደ እሱ ይኬዳል። የእነዚህ የሦስቱ ምስክር ያለው ፍራንክፈርት ነው። ሩፔል ራሱ በስሙ የሚጠራ ጥንብ አንሣ አለው። «ይህ ዋልያ ይባላል» ብሎ የነገረው ሰውስ? ቃሉ መዝገብ ገባ፣ እሱ ግን ደጅ ቀረ።

ይህን የምለው ሩፔልን ለመውቀስ አይደለም። ሰውየው የሰማውን ስም ሳይንቅ ጽፏል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጅብራችን እንኳ እንዲህ አልቀናትም፤ «ሎቤሊያ» የሚለው ስሟ የመጣው ከአንድ የአውሮፓ ዕፅዋት አዋቂ ስም ነው።

ጭንቁ ሌላ ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው ሰሜን ብቻ ነው። ፓርኩ በ1969 ተከለለ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ቆየ። ዋልያ ከገደሉ ከጠፋ የሚተርፈን የቃላችን ጽሑፍ የተለጠፈበት ቆዳ ነው፤ እሱም በሰው ሀገር።

አራት ኪሎ በሳይንሱ ግቢ የእንስሳት ሙዚየም አለን፤ ገብተን እንየው። ለዕረፍት ጃናሞራ የምንወርድ ደግሞ ደብተር እንያዝ። ዋልያ የት ይውላል፣ በየትኛው ወር ወደ ታች ይወርዳል፣ ድሮ የት ይታይ ነበር፣ ብለን ሽማግሌውንም እረኛውንም እንጠይቅ። ስንጽፍ ግን የነገረንን ሰው ስም አብረን እንጻፍ።