የሰሜን ጃፓን ድሪቶ

በአማርኛችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል የክብር ቃል አይደለም። እራፊ በእራፊ ላይ እየተጣፈበት ፊተኛው ጨርቅ ከኋለኛው የማይለይ የድኻ ልብስ ነው፤ ያለ ሥርዓት የተጻፈ ጽሑፍ እንኳ ሲነቀፍ «የተደረተ» ይባላል። እኔም በተማሪነቴ ዘመን እናቴ የጣፈችልኝን ቁምጣ ለብሼ ትምህርት ቤት በሄድሁ ቀን ሁሉ፣ ጀርባዬን ወደ ግድግዳ አዙሬ እቆም እንደ ነበረ አልሸሽግም።

ጃፓን ሲባል ወደ ብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው መርከቧ፣ ፋብሪካዋና መኪናዋ ነው። ከአባቶቻችንም መካከል የተማሩት ሰዎች ዓይናቸውን ወደዚያች አገር ባቀኑ ጊዜ የተመለከቱት ኀይሏንና ሥልጣኔዋን ነበረ፤ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ እንደ ወሰደ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያችው ጃፓን በሰሜን ጫፏ ድሪቶ ለባሽ ነበረች። ከዚህ በታች በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመቱን እየጠቀስሁ የምተርከው የዚሁ ድሪቶ ታሪክ ነው።

ሆንሹ የምትባለው ታላቂቱ ደሴት በስተ ሰሜን በምታልቅበት፣ ዛሬ አኦሞሪ በሚባለው አገር፣ በቀድሞ ዘመን የጹጋሩና የናንቡ መሳፍንት ይገዙ ነበር። ክረምቱ ረጅም፣ በረዶውም ብዙ ነው። ጥጥ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጃፓን ሞቃት አውራጃዎች እየተስፋፋ ቢዘራም፣ በዚህ ብርድ ሊበቅል አልቻለም። በእኛ አገር ደገኛው ጥጥ ባያበቅልም ከቆላው ገበያ ገዝቶ፣ ሴቶቹ ፈትለው፣ ሸማኔው ሠርቶለት ጋቢና ቡልኮ ይለብሳል። የአኦሞሪ ገበሬ ግን በበጋም በክረምትም የሚለብሰው ከቃጫ ፈትል የተሠራ ልብስ ነበረ። ቃጫ ለሥራ ይበረታል፤ ዳሩ ግን ሽመናው የሳሳ ስለ ሆነ ነፋስ ያሳልፋል።

በብርዱ ላይ ደግሞ ሕግ ተጨመረበት። በ1724 የጹጋሩ መስፍን መንግሥት፣ ገበሬው እንደ ማዕረጉ በቁጠባ ይኑር በማለት ባወጣው ደንብ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከለከለ። በጠረጴዛ ላይ በጥቂት መስመር የተጻፈ ቃል ነው። ጽሕፈቱን ያዘጋጀው ሰው እንደ እኛው ያለ የቢሮ ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ጽፎም ማኅተም ካስደረገ በኋላ ወደ ቤቱ ሄዶ ጥጡን ለብሶ ተኝቶ ይሆናል። የዚያን ደንብ ዕዳ የከፈሉት ግን የገበሬው ሚስትና ልጆቹ ናቸው፤ የከፈሉትም በመርፌ ነው።

ሴቶቹ ያገኙት ዘዴ የሚከተለው ነው። የቃጫውን ጨርቅ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይነክሩታል። ከዚያ የድሩን ክር አንድ በአንድ እየቈጠሩ በማጉ አቅጣጫ ነጭ ክር ያስገቡበታል፤ በመጀመሪያ የቃጫ ክር፣ የጥጥ ፈትል እየተገኘ በሄደ ጊዜም የጥጥ። ቀዳዳው ሁሉ በክር ሲሞላ ነፋሱ መግቢያ ያጣል፤ ጨርቁም ይወፍራል፤ ሸክም የሚያርፍበት ትከሻና ጀርባም ቶሎ አይበላም። ይህን ስፌት የጹጋሩ ሰዎች ኮጊን ይሉታል። በጹጋሩ ድሩ የሚቈጠረው 1፣ 3፣ 5፣ 7 እየተባለ በጎዶሎ ቊጥር ሲሆን፣ ጎረቤታቸው ናንቡ ግን 2፣ 4 እያለ በጥንድ ይቈጥራል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ልብሱን አይቶ ብቻ የሰፊዋን አገር ይለያል። ከቈጠራው አንድ ክር የተሳሳተ እንደ ሆነ ቅርጹ እየተዛባ ስለሚሄድ፣ ፈትቶ እንደ ገና ከመጀመር በቀር ሌላ መፍትሔ የለውም። በረዶ ደጁን በዘጋበት ወራት፣ በምድጃ ብርሃን፣ ልጃገረዶች ከሕፃንነታቸው ጀምረው ከእናቶቻቸው ይማሩት የነበረው ይህ ነው።

ዛሬ በብዙ አገር ከተሞች ሰዎች ይህን የጃፓን ስፌት ለአእምሮ ዕረፍት ሲሉ ይማሩታል። ቈጠራው አሳብን ይሰበስባል፤ ልብን ያረጋጋል ይላሉ። እኔ አልክድም። ይሁን እንጂ የዛሬው ሰፊ መርፌውን ሲሻ ያነሣል፣ ሲሻ ያስቀምጣል፤ የጹጋሩዋ እናት መርፌዋን ብታስቀምጥ ልጅዋን ብርድ ይገርፈዋል። ዕረፍት ብለን የምንጠራው ነገር ለእርስዋ ከእርሻ ሥራ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ሥራ ነበረ። በሌላ በኩል ደግሞ ስመለከተው የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። አዋጁ ያዘዘው ጥጥ እንዳይለበስ ነው፤ ስፌቱ እንዲያምር ያዘዘ ማንም አልነበረም። ብርድን ለመከልከል ተራ ስፌት ይበቃ ነበር። እነርሱ ግን ለቅርጾቹ ስም አወጡላቸው፤ ባቄላ፣ አበባ፣ ቢራቢሮ፣ የድመት ዓይን አሉአቸው። ነጩ ክር ካደፈ በኋላም ልብሱን እንዳለ እንደ ገና በጥቁር ሰማያዊ ነክረው ለሽማግሌ ያለብሱት ነበር፤ ቅርጹ አይጠፋም፣ ጨለም ይላል እንጂ።

ከዚህ ሌላ «ቦሮ» የሚባለው፣ የእኛው ድሪቶ አለ። በጃፓን ምዕራባዊ ጠረፍ የሚመላለሱ የነጋዴ መርከቦች ከኦሳካ አካባቢ አሮጌ የጥጥ ልብስና ቁራጭ ጨርቅ ጭነው ወደ ሰሜን ያመጡ ነበር። የከተማ ሰው ለብሶ የጣለው ለሰሜን ገበሬ የሚገዛ ዕቃ ነበረ። መዳፍ የምታክል ቁራጭ እንኳ አትጣልም፤ በተቀደደው ላይ ትጣፋለች፤ እርስዋም ስታልቅ ሌላ ይደረብባታል። ዶንጃ የሚሉት የሌሊት ልብስ በዚህ ዓይነት እየተደራረበ፣ በውስጡም የቃጫ ገለባ እየተጠቀጠቀበት፣ ክብደቱ ከ10 ኪሎ በላይ ይደርስ ነበር፤ እናትና አባት ልጆቻቸውን አቅፈው በአንዱ ውስጥ ይተኛሉ። ቦዶኮ የተባለውም ከቤተ ሰቡ አሮጌ ልብስ ቁራጭ ተጠራቅሞ የተሰፋ ምንጣፍ ነበረ፤ ሴቲቱ የምትወልደው በእርሱ ላይ ነው። ሕፃኑ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያርፈው አያቶቹ በለበሱት ጨርቅ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ1868 የሜይጂ መንግሥት ተተከለ፤ በ1871 የመሳፍንቱ ግዛት ተሻረ፤ በ1891 ደግሞ ከቶኪዮ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አኦሞሪ ደረሰ። የፋብሪካ ጥጥም ገባ። ኮጊንም እየቀረ ሄደ። በ1932 ያናጊ ሶዬጹ የተባለው የሕዝብ እጅ ሥራ ተከራካሪ ስለ ኮጊን በመጽሔቱ ጽፎ የአገሬው ሰው ዓይኑን እንዲከፍት አደረገ። ያናጊ ያመሰገነው ግን የሚያምረውን ኮጊን ነው፤ ቦሮን የሚያመሰግን ገና አልተገኘም ነበር። ባለቤቶቹ የድኽነታቸው ምስክር ነው ብለው ስላፈሩበት አንዳንዱ ደበቀው፣ አንዳንዱም አቃጠለው።

ታናካ ቹዛቡሮ የተባለ የአኦሞሪ ተወላጅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ እነዚህን ልብሶች ከአሮጊቶች እጅ ይሰበስብ ጀመር። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ለእንግዳ ማሳየት ነውር ስለ ነበረ፣ ሥራው የብዙ ዓመት ትዕግሥት ጠይቆታል። ከሰበሰባቸው የስፌት ልብሶች 786ቱን የጃፓን መንግሥት በ1983 የሕዝብ ቅርስ ብሎ መዘገባቸው። አንዱ መንግሥት በደንብ ያስገደደውን ሌላው መንግሥት በደንብ ጠበቀው። ኩሮሳዋ አኪራም በ1990 ባወጣው «ሕልሞች» በተባለው ፊልሙ ከታናካ የተዋሳቸውን ልብሶች አሳይቷል።

ታናካ በ2013 ዐረፈ። የሰበሰበው ቦሮ ከ2009 እስከ 2019 በቶኪዮ ከተማ፣ በአሳኩሳ ሰፈር በነበረ ቤተ መዘክር ይታይ ነበር። በዚያ ቤት ጎብኚዎች ከልብሶቹ ብዙዎቹን ያለ መስታወት፣ በባዶ እጃቸው እንዲዳስሱ ይፈቀድላቸው ነበር። በውጭ በኩል የሚታየው እራፊው ነው፤ ገልብጦ የዳሰሰው ሰው ግን በጣቱ ጫፍ የሚያገኘው የሴቶቹን ስፌት ነው።