የማዕድ ምስክርነት፤ በእሪያ ሥጋ ምትክ ስለ ተበላው መብል ታሪክ

በኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ለእስራኤል ተፈቀደ፤ እሪያ ግን ሰኰናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳምና ርኩስ ተባለ። ቃሉ አጭር ነው። ነገር ግን ስለዚህ አጭር ቃል ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ተሰዷል፤ ብዙ ሰውም እስከ ልጅ ልጁ ተደብቆ ኖሯል። የታሪክ መርማሪዎች ይህን ነገር በነገሥታት ዜናና በሊቃውንት ክርክር ይፈልጉታል፤ ይሁን እንጂ የታሪኩ እኩሌታ የሚገኘው በማድቤት ነው፤ ይኸውም በድስቱ ምን ሥብ እንደ ቀለጠ፣ ከምድጃውም በላይ ምን ሥጋ እንደ ተሰቀለ በማወቅ ነው።

ከጌታ ልደት በፊት በ167 ዓመት ገደማ የሶርያ ንጉሥ አንጥያኮስ ኤጲፋንስ አይሁድን ሕጋቸውን ሊያስክድ ተነሥቶ የእሪያ ሥጋ በግድ ያበላቸው ነበር። በግሪኮች ዘንድ በሚገኘው በመቃብያን ሁለተኛ መጽሐፍ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ (ይህም መጽሐፍ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሚቈጠሩት ከሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን የተለየ ነው) አልዓዛር የሚባል የ90 ዓመት ሽማግሌ ጸሓፊ ተይዞ ቀረበ። የመሥዋዕቱ ሹማምንት የቀድሞ ወዳጆቹ ነበሩና ለብቻው ወስደው በሕጉ የተፈቀደለትን ሥጋ ከቤቱ እንዲያስመጣ፣ የንጉሡንም ሥጋ የበላ መስሎ እርሱን በልቶ ከሞት እንዲድን መከሩት። ሽማግሌው ግን ወጣቶች አልዓዛር በ90 ዓመቱ ሃይማኖቱን ለወጠ ብለው እንዳይሰናከሉ፣ ለጥቂት ቀን ዕድሜም ሽበቱን እንዳያሳድፍ ብሎ እንቢ አለ፤ ተገርፎም ሞተ። በሕግ የተፈቀደ ሥጋ የእሪያ ሥጋ መስሎ እንዲበላ ሲመከር ይህ ከጥንቱ ነገር አንዱ ነው፤ ምክሩም አልተቀበለም።

ከዚህ በኋላ አይሁድ በአሕዛብ መካከል ተበትነው ሲኖሩ የምትክ ነገር የዕለት ችግር ሆነባቸው። የአውሮፓ ገበሬ የብርድ ወራት ሲቀርብ ዐሣማውን ያርዳል፤ የጎኑንና የሆዱን ሥባም ሥጋ በጨው አሽቶ በጢስ አጥኖ ያኖረዋል፤ ይህን እንግሊዞች ቤከን ይሉታል። ከሥቡ የሚቀልጠው ሞራም በኢትዮጵያ ቅቤ የሚሠራውን ሥራ በዚያ አገር ይሠራል፤ ወጡ የሚጣፍጠው፣ ድኻውም ደረቅ ዳቦውን የሚያርሰው በእርሱ ነው። ስለዚህ ዐሣማን የተወ ሰው አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ሳይሆን የማድቤቱን መሠረት ትቷል። በቅቤ እንዳይተካው ደግሞ ሥጋንና ወተትን አንድ ላይ ማብሰል በአይሁድ ሕግ ክልክል ነው።

ወይራ በማይበቅልበት በሰሜኑ አገር፣ በጀርመንና በፖላንድ፣ መፍትሔው ዝይ ሆነች። ሴቶቹ ዝይዋን አወፍረው ካሳረዱ በኋላ ቆዳዋንና ሥቧን በትንንሹ ቈራርጠው ከሽንኩርት ጋራ በዝግታ እሳት ያቀልጡታል። ሞራው ሲጠራ በማሰሮ ይቀመጣል፤ ከሥሩ የሚቀረውም ቆዳ ቀልቶና ደርቆ በጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ለፋሲካ የሚሆነውን እርሾ እንዳይነካው ለብቻው ያኖሩታል። በኢጣልያም ያሉት የዝይዋን ሥጋ በጨው አሽተው ቋሊማ ይሠሩበት ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ዛሬ ከበሬው ጎድን በታች ያለውን ሥባም ሥጋ ይመርጣሉ። መጀመሪያ ደሙ እንዲወጣ ግማሽ ሰዓት በውሃ ተነክሮ፣ አንድ ሰዓት በጨው ተሸፍኖ ይታጠባል፤ ከዚያም በጨውና በስኳር ታሽቶ ብዙ ቀን ይሰነብትና በእንጨት ጢስ ይታጠናል፤ በስሱ ተቈርጦም ይጠበሳል። በእነዚህ ሁሉ ተንኰል የለም። ዝይው ዝይ፣ በሬውም በሬ ተብሎ ይበላል፤ ሕግን የጠበቀ የሴቶች ብልሃት ነው።

በእስፓንያና በፖርቱጋል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በእስፓንያ በ1391 በአይሁድ ላይ እልቂት በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ከሰይፍ ለመዳን ተጠመቁ። በ1478 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፈቅደው ኢንኲዚሲዮን የተባለ የሃይማኖት መርማሪ ሸንጎ ተቋቋመ፤ በ1492ም ያልተጠመቁት ከአገር እንዲወጡ ታዘዘ። ሸንጎው የተጠመቁት በስውር ወደ ቀድሞ ሕጋቸው እንዳይመለሱ ይመረምር ነበር፤ የልብን ነገር ማየት ስላልቻለም ድስትን መመርመር ያዘ። ከሥጋው ሥቡን የገፈፈ፣ ከጭኑ ጅማቱን ያወጣ፣ ዓርብ የተጣደ ወጥ ለቅዳሜ ያቈየ፣ ዐሣማንና ጥንቸልን ቅርፊትም የሌለውን ዓሣ የተወ ሁሉ ይከሰስ ነበር። ከሳሹም ብዙ ጊዜ የቤቱ ገረድ ወይም ጎረቤት ነው።

በደቡቡ አገር የዐሣማ ሞራ ምትክ የወይራ ዘይት ነበረ። አንድሬስ ቤርናልዴስ የተባለ የዚያ ዘመን ቄስና ታሪክ ጸሓፊ እነዚህን ሰዎች ሥጋቸውን በዐሣማ ሥብ ፈንታ በዘይት እያበሰሉ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያበዙ ቤታቸውን አሸተቱት ብሎ ነቅፏቸዋል። እንግዲህ ከመስኮት የወጣ የወጥ ሽታ ሰውን ከእሳት ሊያደርስ የሚችልበት ዘመን ነበረ። ዛሬ ግን ያው ዘይትና ያው ነጭ ሽንኩርት የእስፓንያ ወጥ መመስገኛ ሆኗል። የሸንጎውም መዝገብ ከክስነት ወደ ሌላ ጥቅም ዞረ፤ ዴቪድ ጊትሊትስና ሊንዳ ዴቪድሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የምስክሮቹን ቃል መርምረው የእነዚያን ሰዎች ወጥ አሠራር በ1999 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ለፍርድ የተጻፈው ነገር የተፈረደባቸውን ሰዎች ማዕድ ጠብቆ አቈየ።

በፖርቱጋል ንጉሥ ማኑኤል በ1496 በታኅሣሥ አይሁድ ከአገር እንዲወጡ ካዘዘ በኋላ እንዳያጣቸው ፈርቶ በ1497 ልጆቻቸውን ነጥቆ አስጠመቀ፤ ወላጆቻቸውንም እንዲሁ በግድ አስጠመቀ። በልጁ በዮሐንስ ሣልሳይ ዘመን በ1536 መርማሪው ሸንጎ በዚያም ተተከለ፤ የጠፋውም በ1821 ነው። በሰሜን ምሥራቅ በተራራማው በትራስ ኦስ ሞንቴስ አውራጃ በየቤቱ ከምድጃው በላይ የዐሣማ ቋሊማ ይሰቀል ነበር፤ ቋሊማ ያልተሰቀለበት ቤትም ይታማል። ስለዚህ በአገሩ ሰዎች አፍ እንደሚነገረው በስውር ሕጋቸውን የጠበቁት ሰዎች አልዬይራ የሚባለውን ቋሊማ ፈለሰፉ። ስሙም ከነጭ ሽንኩርት የወጣ ነው። ዶሮ ወይም የአደን ሥጋ ከነጭ ሽንኩርት ጋራ ይቀቀላል፤ የስንዴ ዳቦ በመረቁ ይርሳል፤ ሥጋው ተተልትሎ ከዳቦው፣ ከወይራ ዘይትና ከቀይ በርበሬ ጋራ ይለወስና በታጠበ አንጀት ተሞልቶ በጢስ ላይ ይሰቀላል። ከደጅ ለሚያየው የዐሣማ ቋሊማ ነው፤ ለሚበላው ግን ዶሮና ዳቦ ነው። ዛሬ የሚራንዴላ ከተማ በዚህ ቋሊማ ስሟ ተጠርቷል፤ አሁን በሚሠራው ግን የዐሣማ ሥጋ ይገባበታል። ምትኩ ከተተካው ጋራ ታረቀ ማለት ነው።

አልዓዛር እንቢ ያለውን ነገር እነዚህ እሺ አሉ። ታዲያ እርሱን ያመሰገነ እነዚህን ይንቀፍን? አልዓዛር ዕድሜ የጠገበ መምህር ነበርና የብዙ ወጣቶች ዓይን በእርሱ ላይ ነበረ፤ የሚያድነውም የራሱን ነፍስ ብቻ ነበር። በትራስ ኦስ ሞንቴስ ቋሊማውን የሰቀለችው እናት ግን ልጆች ከእናት ዕቅፍ ሲነጠቁ ያየ ወገን ናት። ሰማዕትነት ጸጋ ነው እንጂ በሰው ላይ የሚጣል ግብር አይደለም። ጴጥሮስም ከገረዲቱ ፊት ሦስት ጊዜ ክዶ አልቅሷል፤ ጌታም መንጋውን ከመስጠት አልከለከለውም። ነቀፋው የሚገባው ሥጋውን ለደበቀች ሴት ሳይሆን በመስቀል ስም ድስቷን ለከፈተባት ሰው ነው።

ግዳጁም የፈለገውን አላገኘም። በ1917 ሳሙኤል ሽዋርዝ የሚባል ፖላንዳዊ የማዕድን መሐንዲስ ወደ ቤልሞንቴ ከተማ ሄዶ ከ400 ዓመት በኋላ በስውር የሚጸልዩ ሰዎች አገኘ። አይሁዳዊ ነኝ ቢላቸው አላመኑትም፤ በዓለም ላይ ከእነርሱ በቀር አይሁድ የቀረ አይመስላቸውም ነበርና። የዕብራይስጡን ጸሎት ሲጀምር ግን አንዲት አሮጊት አዶናይ የሚለውን ስም ሰምታ መሰከረችለት። የቀረው ዕብራይስጥ ሁሉ ጠፍቶባቸው ነበር፤ ያ አንድ ስም ግን አልጠፋም። በ1996 በዚያች ከተማ ምኵራብ በግልጥ ተሠራ።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያንም ይነካል። ያው ሸንጎውን የተከለ ንጉሥ ዮሐንስ ሣልሳይ ወደ ኢትዮጵያ መነኮሳት መላክ ጀመረ። ፖርቱጋሎች በ1541 ከክሪስቶፍ ደ ጋማ ጋራ 400 ያህል ወታደር ይዘው መጥተው ኢትዮጵያን ረድተው ነበርና ዐፄ ገላውዴዎስ ወዳጅነታቸውን ያከብር ነበር። መነኮሳቱ ግን ሰንበትንና ግዝረትን፣ የእሪያንም ሥጋ መተው እየጠቀሱ ኢትዮጵያውያንን እንደ አይሁድ ናችሁ አሏቸው። ንጉሡ በ1555 የሃይማኖቱን ምስክርነት ጽፎ መለሰ። ስለ እሪያ ሥጋም የሰጠው መልስ እንዲህ ያለ ነው፤ ኢትዮጵያውያን እንደ አይሁድ በኦሪት ሕግ ታስረው የሚከለከሉ አይደሉም፤ የሚበላውን አይጸየፉትም፤ የማይበላውንም ብላ ብለው አያስገድዱትም። ማስረጃውም ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈው ነው።

በዚያ ዘመን በሊዝቦን ሸንጎ ስለ ቋሊማ ሰው ሲመረመር ከኢትዮጵያ ንጉሥ ድንኳን እንዲህ ያለ ቃል መውጣቱ ሊዘነጋ አይገባም። ቃሉን ኢትዮጵያውያንም ሁልጊዜ አልጠበቁትም። ከ1878ቱ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም የሚባል ሕዝብ ተፈጠረ። በፖርቱጋል የተዘራው ዘር በወሎም ያንኑ ፍሬ አፈራ።

ስለዚህ የሚጾም ወይም የማይበላ ሰው ለእግዚአብሔር ብሎ ከሆነ መልካም አደረገ። የሌላውን ድስት ለመክፈት የተነሣ ግን ጥምቀትን ወደ መደበቂያ ልብስ ይለውጠዋል። ገላውዴዎስ በጥቂት ቃል የጻፈው ይህን ነው፤ የቤልሞንቴም አሮጊት በአንድ ስም የመሰከረችው ይህንኑ ነው።